አራተኛውን ማን ይቆጥራል

ጥቅምት 3

ለወንድማችን ለዝሆኑ፣

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስህ። ለሦስት ደብዳቤ አንድ መልስ መላክ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። እኛ ደህና ነን። ቤቱ ደህና ነው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቴም ደህና ነው፣ አንዱ ማሽን ብቻ ወረቀት እየነከሰ ያስቸግረኛል። ባሌ ሽቦም ደህና ነው።

አሁን ለጠየቅከው በተራ ልመልስ። አዎ፣ የላክኸው ሶፍትዌር ደርሶናል። ጊታሩ በአንድ በኩል ላፕቶፑ በሌላ በኩል የሚሰካባት ትንሿ ሳጥንም ደርሳለች። የጫንኩት ራሴ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ የምተይብ ሴት ይሄ አያቅተኝም። አምፕሊፋየሩ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል እልል ልል ምንም አልቀረኝም! ቁርጥ የድሮው። ቡናማ ቆዳው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተልጧል፣ ቀይ መብራቷ አለች፣ ማዞሪያዎቹ በተርታ ተደርድረዋል። ላዩ ላይ አቧራ አየሁና በጨርቅ ጠረግሁት። አልለቅ አለኝ። እርጥብ ጨርቅ አመጣሁ። ለካ አቧራውም የሥዕሉ ነው! ሥራ የፈታ ሰው ነው መቼም ቁጭ ብሎ አቧራ የሚሥለው።

ዋናው አምፕ የት ደረሰ ላልከው፣ አለ፣ አልተጣለም። ስፒከሩ ከተቀደደ ቆይቷል፣ እንደ አምፖል የሚግለው ቫልቩም የሚሸጥ አልተገኘም። የወረቀት ካርቶኖቼን ላዩ ላይ ደርድሬበታለሁ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ሽቦ ሶፍትዌሩ እንደተከፈተ አይጀምርም። ድሮ ቫልቮቹ እስኪሞቁ ሦስት ደቂቃ ይጠብቅ አልነበር? አሁንም ሥዕሉን ከፍቼ ሳስቀምጥለት ጊታሩን ታቅፎ ይጠብቃል። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ሥዕል ነው፣ አይሞቅም» እለዋለሁ። ዝም። እኔም ምን ላድርግ፣ አብሬው ቁጭ። ሦስት ደቂቃው ሲሞላ ራሱን ይነቀንቃል። ሞቀ ማለቱ ነው።

ስልክ ለምን አያነሳም ላልከው፣ ስልክ ጠልቷል። በዚህ ዕድሜው የሚጠላውን ነገር ራሱ ቢመርጥ ምን ይደረጋል? እናንተ «ሬዲዮ» ያላችሁኝ እኔ ለሁለት እናገራለሁ። እሱ የሚለውን እኔ እጽፍልሃለሁ።

እንግዲህ ለዋናው ጥያቄህ። የአልበሙን ስድስቱንም ዘፈን ሽቦ ራሱ ይጫወታል። ድራመሩ «ካልቻለ ልጅ እግር ጊታሪስት አግኝቻለሁ» ማለቱን ሰምቻለሁ። ከማን ሰማሽ እንዳትለኝ፣ ከራስህ ደብዳቤ ነው። ሠላሳ ዓመት አብራችሁ ተጫውታችሁ አንድ አልበም ሳታወጡ ቀርታችሁ፣ አሁን ሲወጣ ያለ እሱ እንዳይወጣ፤ አደራዬ ይሄ ብቻ ነው። ሌላ የሚጠብቀው ነገር የለውም። ጡረታ ወጥቶ ሥራ የለውም ማለቴ ነው።

ለመሆኑ ድራመሩ አሁንም ስለ «አራት» ያለቅሳል? እሱ በዱላው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሊቀጥል ሲል ሽቦ «አራት!» ብሎ እየነጠቀው፣ እሱም «ቆጣሪው እኔ ነኝ፣ ያንተ ሥራ ክር መነካካት ነው!» እያለ ስንቱ ልምምድ እኛ ሳሎን ውስጥ ተበትኗል! ሰላም በልልኝ፣ ቢያናድደኝም።

ሬዲዮ


ጥቅምት 19

ለሬዲዮዋና ለዚያ ለማይጽፈው ባልሽ፣

ተራዬ እስኪደርስ የአውቶቡሱ መሪ ላይ ወረቀቱን አስደግፌ ስለምጽፍ ለጽሑፌ ይቅርታ። ተሳፋሪ መግባት ጀምሯል፤ አጭር ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን በኢንተርኔት በደቂቃ ደረሰኝ፣ ሰላምታችሁ ግን በፖስታ አሥር ቀን ፈጀ። የዛሬ ዘመን እንዲህ ነው። ድምፁን ስሰማ ጋራዥ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። ያቺ ሻካራ፣ ከደረት የምትወጣ ድምፅ ራሷ ናት። ከሥዕል ይህን ያህል ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም።

ግን አንተ ሽቦ! ምን ነክቶህ ነው እንዲህ ጨዋ የሆንከው? ድሮ አንድ ባዶ ቦታ ካገኘህ አሥራ ስድስት ኖታ የምትዘራ ሰውዬ፣ አሁን ግንባር ግንባሩን ብቻ መትተህ ታልፋለህ። ኮርዱ ያንተ ነው፤ ማንም እንዲህ አይይዘውም። የቀረው ግን የሰነፍ ተማሪ ነው። ድራመሩ ሰምቶ ምን እንዳለ ልንገርህ፣ አትቆጣ፦ «ይሄ ሽቦ አይደለም፣ ሽቦን አስመስለው የሣሉት ነው።»

የምትጫወትበትን የሁለተኛውን ዘፈን ባሴን ፍጥነቱን ቀንሼ ልኬልሃለሁ። ዘገየብኝ ብትል አልሰማህም።

አንቺ ከዘፈኑ ጋር ለላክሽልኝ ጥያቄ ደግሞ፣ ክሩ ሳይነካ የሚመጣውን ሹክሹክታ የሚያጠፋ ማዞሪያ ከታች በስተግራ አለ። እሷን ወደ ቀኝ አዙሪያት፤ ሰው ሲጫወት ትከፍታለች፣ ዝም ሲል ትዘጋለች።

እና እባክህ ሽቦ፣ በራስህ እጅ ሁለት መስመር ጻፍልኝ። ስድብም ቢሆን።

ዝሆኑ


ኅዳር 8

ለወንድሜ ለዝሆኑ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ያንን ሁሉ ደረጃ ያለው አውቶቡስ ስትወጣና ስትወርድ ዋል ብሎ ማን ፈረደብህ!

በራሱ እጅ ያልጻፈበት ምክንያት እጁ ትንሽ ደንዘዝ ስላለው ነው። ብርዱ ነው። ስድቡን ግን አላስቀረብህም፤ ደብዳቤህን ሳነብለት «የሰነፍ ተማሪ» የምትለው ጋ ስደርስ አፍንጫውን ነፋ። ሰነፉስ እኔ ነኝ ማለት እፈልጋለሁ፤ ልምምዱ ላይ ሰዓት አልጠብቅለትም፣ ሱቅ ዘግቼ እስክመጣ ይመሻል። እንግዲህ ጥፋቱን በእኔ አድርገው።

ያቺን ማዞሪያ አገኘኋት። «ዘበኛው» ብያታለሁ። ደግ ዘበኛ ናት፣ ትርኪ ምርኪውን ሁሉ በር ላይ ታስቀራለች። እኔማ ይሄን ነገር ከለመድኩ ወዲህ ያልነካሁት የለም! ማይኩን በማውዝ ይዤ ከስፒከሩ አርቀዋለሁ፣ አቀርበዋለሁ፣ ከኋላው አዞረዋለሁ። ስፒከሩ የተቀደደ እንዲመስል የሚያደርግም አለ፤ ቤት ውስጥ እውነተኛ ቅዳጅ እያለን! በአርባ ስምንት ዓመቴ ትሬብልና ባስ ለይቼ ሰው አናግራለሁ። ደንበኞቼን ሳይቀር ነው፤ አንዱ የመሬት ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ ስለ ቫልቭ ሰምቶ ሄደ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ባለፈው ሳምንት መቀስ ልትመልስ ሳታንኳኳ ገባች። እኔና ሽቦ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ ሁለታችንም ማዳመጫ አጥልቀን፣ ላብ በላብ ሆነን ተቀምጠናል። ክፍሉ ውስጥ ምንም ሙዚቃ የለ፤ የክሩ ጢቅ ጢቅ ብቻ። «ምነው፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች። «ኮንሰርት ላይ ነን፣ ቲኬት አለሽ?» አልኳት። መቀሱን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ወጣች።

ደስ ይለኛል። ባትጠይቀኝም እነግርሃለሁ። ክሩ ሲነካና ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ሲሞላ ደስ ይለኛል። ማዳመጫውን ሳወልቅ ምንም የለም። መጥፎም አይደለም፣ ምንም ነው። ሳህን አጥቤ እተኛለሁ።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዘፈን ተልከዋል። ስላዘገየህልን እግዚአብሔር ይስጥህ። ስላዘገየህለት ማለቴ ነው።

ሬዲዮ


ኅዳር 24

ለሬዲዮ፣

ጉልበቴን ተይው። እሱ ሳይጠየቅም ይናገራል።

ዘፈኖቹ ደርሰዋል። ዘፋኛችን ወዳቸዋለች። ድራመሩ ግን ከዚያው ነው፦ «ግራ እጁ የሽቦ ነው፣ ቀኙን አላውቀውም» ይላል። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። ጆሮው ነው። እኔም ብዋሽሽ ደስ ባለኝ፣ ግን የማላውቀውን ቀኝ እጅ እኔም ሰምቼዋለሁ። እንግዲህ አልጠይቅም። ጠይቄ ጠይቄ «ብርዱ ነው» ተብያለሁ።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የቀረጻው ሰው እውነተኛ አሮጌ አምፕ አለው፤ ጊታሩን በዚያ ላሳልፈው ብሏል። ስለዚህ ስድስቱንም ዘፈን ደረቁን ላኩልን። ደረቅ ማለት አምፑን አጥፍተሽ፣ ማይኩን፣ ኢኮውን፣ ዘበኛሽንም ሳይቀር አጥፍተሽ፣ ከጊታሩ ክር በኬብሉ የመጣውን ብቻ። ሶፍትዌሩ እሱን ለብቻው ያስቀምጠዋል፣ አልጠፋም፤ ያንቺ ሥዕል እሱ ላዩ ላይ የተጎናጸፈው ልብስ ነው።

ታኅሣሥ 20 እኔ፣ ዘፋኛችንና ድራመሩ ተቀምጠን እንሰማለን። በዚያ ቀን ይወሰናል። ወይ ሽቦ፣ ወይ ያ ጊታሪስት ልጅ። እኔ ድምፄ አንድ ብቻ መሆኑን እወቁልኝ።

ዝሆኑ


ታኅሣሥ 6

ለዝሆኑ፣

አጭር ነው፤ ደንበኛ ቆሞብኛል፣ ማሽኑም እንደገና ነክሷል።

ስድስቱም ደረቁ ተልኳል። ባታዝንብኝ አላዳመጥኩትም። የመጀመሪያውን ከመሃሉ ትንሽ ከፍቼ ክሩ እንደ ቆርቆሮ ሲል ዘጋሁት። እንዴት ሰው ያንን የመሰለ ድምፅ አስወልቆ ራቁቱን ይሰማል? የሙያ ነገር ነው፣ አልገባበትም።

«ሽቦ የ20ውን ያውቃል ወይ» ትለኝ ይሆናል፤ ያውቃል። ደብዳቤህን ሙሉውን አነበብኩለት። ሳነብ እያየኝ ነበር፤ ሲያልቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። እራት አልበላም። በማግስቱ ራሱ ጊታሩን አመልክቶኝ አምስተኛውን እንደገና ሠራነው። እንደገና የሠራነው ይሻላል።

ለድራመሩ ምንም አትበልልኝ።

ሬዲዮ


ታኅሣሥ 21

እህቴ ሆይ፣

ሬዲዮ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ዛሬ አልሆነልኝም።

ትናንት ተቀመጥን። ስለ ውጤቱ ትጠይቂኛለሽ፣ ቆይ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ የሆነውን ስሚ። የሽቦን ጊታር ታውቂው የለ? ከክሩ ሥር ያለው ድምፅ የሚይዘው ማግኔት ከላላ ሃያ ዓመቱ ነው። አጠገቡ ያወራውን ሰው እንደ ማይክ ይሰማል። ድሮ መድረክ ላይ ድራመሩን ቀስ ብለን ስናማው በስፒከሩ እየወጣ ስንት ጊዜ አስጠቅቶናል! እናንተ ቤት ይሄ ያልተሰማው ዘበኛሽ ክሩ ሳይነካ በሩን ስለሚዘጋ ነው። አንቺ ደግሞ ዘበኛውን አጥፍተሽ ላክሽልን። እኔው ነኝ አጥፊ ያልኩሽ።

የቀረጻው ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርገው አንቺን ሰማንሽ። «ቀና በል» ትያለሽ። «ክንዴ ዛለ፣ ትንሽ እንረፍ» ትያለሽ። «ይቅርታ፣ ክሩ አመለጠኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ትያለሽ። ከዚያ «እሺ» ብለሽ ትቆጥሪያለሽ። ያኔ ነው የገባን። ቀኝ እጁ ያንቺ ነው።

መቼ ነው? ምን ሆኖ ነው? ለእኔ እንዴት አትነግሩኝም? ይሄን ሁሉ ዓመት ምንድን ነበርኩ፣ መንገደኛ ነኝ? አሥር መስመር ስድብ ጽፌ ቀደድኩት። ዘፈኖቹን ሳዘገያቸው እኮ ዕድሜ ነው ብዬ ነበር፣ ወይ ቁርጥማት።

ድራመሩ አቀርቅሮ ሲሰማ ቆየ። «አቁም፣ መልሰው» አለ። መለሱለት። አንቺ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትያለሽ። ከዚያ ሽቦ «አራት» ይላል። በጣም ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው አይጮህም፣ ግን ሳያስቀር በእያንዳንዱ ዘፈን ላይ ይነጥቅሻል። ድራመሩ ተነስቶ ወጣ። ሩብ ሰዓት ያህል ውጭ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፣ «ይሄ ሌባ፣ የሷንም ይሰርቃታል?» አለ። ከዚያ ልጁ ጋ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀው።

ስለዚህ አልበሙ ላይ ያለው ሽቦ ነው። አልቋል። ሽፋኑ ላይ ምን ብለን እንጻፍ? ያንቺንም ማስገባት እንፈልጋለን። ደግሞም ድራመሩ ሰባተኛ ዘፈን ይጨመር ብሏል፤ ያንን ሁልጊዜ የሚጣሉበትን። በደረቁ ላኩት ብሏል። ቆጠራውን እንዳትቆርጡት።

ዝሆናችሁ


ጥር 5

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ነው የምጽፈው። ይቅርታ የምጠይቅህ ብዙ ነው፣ ከየቱ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሐምሌ 17 ጠዋት ነው። ጥርሱን እየቦረሸ ወደቀ። ብሩሹ እግሬ ሥር መጣ። አነሳሁት፣ አጠብኩት፣ ብርጭቆው ውስጥ መለስኩት፤ እሱን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ ለሐኪሙም አልነገርኩም፣ ለአንተ መጀመሪያ ነገርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኝ ጎኑ አይሠራም። እጁ ላይ ሙቅ ውሃ ባፈስ አያውቀውም። አሁን በምርኩዝ ሳሎን ድረስ ይመጣል።

ያልነገርንህ እኔ ስለፈራሁ ነው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ታሞአል ብል ያንኑ ቀን ልጁን ትጠሩት ነበር። አንተ ባትጠራው ድራመሩ ይጠራው ነበር። ሶፍትዌርህ የመጣ ቀን ሽቦ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ በግራ እጁ ኮርድ ያዘ። ድምፅ የለም። ሌላ ኮርድ ያዘ። እንደዚያ እየያዘ እየለቀቀ አንድ ዘፈን ሙሉ በዝምታ ጨረሰ። ሁለተኛውን ሲጀምር በስተቀኙ ተቀምጬ የክር መምቻዋን ፒኳን አነሳሁና ክሩን ወረድ አደረግሁት። ዘወር ብሎ አየኝ። በዚያው ቀጠልን። እሱ ጉልበቱን ወደ ጉልበቴ ገፋ ሲያደርግ እመታለሁ፣ ሲያነሳ አቆማለሁ። አሥራ ስድስቱን ኖታ አልችልም። ግንባር ግንባሩን ያልከው እኔን ነው።

አሁን ልብ ብለህ አንብበኝ። አንተ አላወቅህም፣ ድራመሩም አላወቀም፣ ስለዚህ እንደ ቀላል ነገር ጻፍክልኝ። ሽቦ ከሐምሌ 17 ወዲህ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ስሜን አልጠራም፣ ውሃ አላለም፣ አመመኝ አላለም። ሐኪሙ «እስከ ስድስት ወር ካልመጣ ብዙ አትጠብቂ» ብሎኝ ነበር። ስድስት ወሩ የሚሞላው በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ነው። ቆጠራውን ሦስት ላይ የማቆመው ለዚህ ነው። አራት የእሱ ስለነበረች ቦታዋን ክፍት እተውለታለሁ እንጂ ይላታል ብዬ አይደለም። ሁለታችንም ማዳመጫ አጥልቀን፣ ጆሮአችን ውስጥ ያንተ ባስ እየጮኸ፣ እኔ ዓይኔን ፒኳ ላይ ተክዬ፣ በየት ልስማው?

ደብዳቤህን ሱቅ ነበር ያነበብኩት። ላፕቶፑን ከፍቼ ደረቁን አወጣሁና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። መጀመሪያ የራሴ ድምፅ ወጣ፣ እንዴት ያስጠላል! አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ከእንጨቱ ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ነገር። ጥርት ያለ አይደለም፣ መሃሉ ይላላል፣ ግን አራት ነው። በስድስቱም ላይ አለ። ስድስቱንም ሰማሁ። ኮፒ ስትጠብቅ የቆመች ደንበኛ «እትዬ፣ ኮፒዬስ?» አለችኝ። አርባ ገጽ ነበር። አውጥቼ፣ ቆጥሬ፣ አያይዤ ሰጠኋት። አልተሳሳትኩም። ላለቅስ ይሆናል ብዬ ሱቁን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አልመጣም። ከፈትኩ።

አንተ «ጠይቂው» ትለኝ ይሆናል። አልጠየቅሁትም። ማታ ፊቱን ሳጥበው አፉን አየሁት። ያው አፉ ነው።

ለሽፋኑ እንዲህ ብለህ አጻፍ፦ ጊታር፣ ሽቦ። የእኔን አታስገባ። ሠላሳ ዓመት ካልሲውን ስሰጠው፣ ቁልፉን ስፈልግለት የኖርኩ ሴት ቀኝ እጁ ብሆን አዲስ ነገር አይደለም። ለድራመሩ ግን ንገረው፣ ከዛሬ ጀምሮ ልናደድበት አልችልም።

ሰባተኛውን ትናንት ሠራነው። እንደ ወትሮው ሥዕሉን ከፈትኩ፣ ሦስት ደቂቃ እስኪሞቅ ተቀመጥን፣ ራሱን ነቀነቀ። ዘበኛውን እንደበራ ተውኩት፤ ደረቁ እንደሆን ለብቻው ይቀመጣል። ማዳመጫዬን ላውልቅና በጆሮዬ ልስማው ብዬ እጄን አነሳሁ፣ መልሼ አወረድኩት። ፈራሁ አልልህም፣ መፍራት እንኳ ቢሰማኝ ደግ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልኩ። ከዚያ ተነፈስኩና መታሁ።

ፋይሉ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ደርሶሃል። እኔ አላዳመጥኩትም፣ ከላፕቶፑም አጥፍቼዋለሁ። አራቷ ሰባተኛው ላይ ካለች ጻፍልኝ። ከሌለችም ጻፍልኝ። ስልክ ግን አትደውል፣ በፖስታ ይሁን። አሥሩን ቀን እፈልገዋለሁ።

ሬዲዮ